አልጋው አንድ ነበር

አረብ አገር፣ ጀህራ የሚባል ከተማ ውስጥ ሰው ቤት ስሠራ ዋናው ሥራዬ የአሠሪዬን የማዳምን እናት መንከባከብ ነበር። ማማ ነበር የምላቸው። ኮሮና ቤታችን የገባው ከተማው በሰዓት እላፊ በተዘጋበት ወቅት ነው። አንድ ጠዋት ማማ ሻይ እንኳ መዋጥ አቃታቸው፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይል ጀመር።

ሆስፒታል ስንወስዳቸው፣ በሩ ላይ የሚገባው አንድ አስታማሚ ብቻ ነው አሉን። ማዳም አስም አለባት። ዞር ብላ አየችኝና፣ "አንቺ ግቢ። አልጋ ሳይሰጧት ንቅንቅ እንዳትዪ" አለችኝ።

እሺ ብዬ ማማን ደግፌ ገባሁ። እኔ ብታመም ማን ያስታምመኛል?

አልጋው ሁሉ ሞልቶ ሕመምተኞች ኮሪደሩ ላይ ወንበር ለወንበር ተቀምጠዋል። ኦክስጅንም በተራ ነው። ማማን ከአንዲት የአገሬ ልጅ አጠገብ አስቀመጥኳቸው። ልጅቷን አሠሪዋ በር ላይ አውርዷት ሄዷል። ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ አረብኛ አታውቅም።

ቀትር ላይ ነርሷ መጣች። "አንድ አልጋ ተለቋል፤ ለባሰባት ነው የምንሰጠው። ይህቺ ምን እንደሚሰማት ጠይቂልኝ" አለችኝ።

ልጅቷ ማስኳን ዝቅ ስታደርግ ከንፈሯ ጠቁሯል። "እህቴ፣ ሦስት ቀኔ ነው። ተኝቼ መተንፈስ አቃተኝ፤ ዛሬ ሁለቴ ወደቅኩ። እንዳይመልሱኝ በይልኝ።"

ማማ እጄን ጨብጠው ይዘውኛል። ነርሷ አፍ አፌን ታያለች። አቅልዬ ብናገር ማንም አያውቅብኝም። ግን ልጅቷ ያለችኝን አንድም ሳላስቀር ለነርሷ ነገርኳት። ልጅቷን በተሽከርካሪ ወንበር ይዘዋት ሄዱ።

ወዲያው ማዳም ደወለች። "አልጋ ሰጧት?"

"ገና ነው፣ ማዳም።"

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከማማ ደረት ሳልነቅል ቆምኩ። ሸለብ ባደረጋቸው ቁጥር "ማማ! ማማ!" እያልኩ እቀሰቅሳቸዋለሁ። ቢሞቱ ገዳያቸው እኔ ነኝ ብዬ ነበር። እመቤቴ ማርያምን ስንቴ እንደጠራሁ አላውቅም።

ለማማ አልጋ የተገኘው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሳምንታት ተኝተው፣ ከስተው፣ ግን በሕይወት ተመለሱ። ለማዳም ምንም አልተነፈስኩም።

አንድ ቀን ጸጉራቸውን ሳበጥር ማማ፣ "ያቺ ልጅ ዳነች?" አሉኝ።

ማበጠሪያው እጄ ላይ ቀረ። ለካ ለነርሷ ያልኩትን ሁሉ ሰምተዋል።

"አላውቅም፣ ማማ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።"

"ያ አላህ፣ ማራት" አሉና እንድቀጥል ራሳቸውን ወደ እኔ ዘንበል አደረጉ።