አይዞሽ ያረገዘችበት ዓመት

እናቴን ከቀበርን በኋላ ጢሜን ሳልነካው ቆየሁ። አርባዋ ሲወጣ ጉርድ ሾላ አንድ ፀጉር ቤት ገባሁ። ወጣቱ ፀጉር አስተካካይ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ፊቴን በማሽን አጸዳና ሳያስጠነቅቀኝ አንገቴ ላይ አልኮል ረጨብኝ። የያዘኝ ቃጠሎው ሳይሆን ሽታው ነው። አልኮል፣ ርካሽ ፓውደር፣ የሞቀ ፎጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ "አልቅስ እንጂ፣ ይውጣልህ" ሲለኝ እንባ እምቢ ብሎኝ ከርሞ ነበር፤ ያን ጊዜም አልመጣም። የመጡት ጋሽ ደምሴ ናቸው።

ጋሽ ደምሴ ሲግናል ሰፈር ከግቢያችን አጥር ቀጥሎ ፀጉር ቤት ነበራቸው። መንገድ ዳር የወጣች አንዲት ክፍል ናት፤ በጓሮ በኩል ከመኖሪያቸው ጋር ትገናኛለች። ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ሲቀመጡበት የሚያቃስት ከባድ ወንበር ነበራት። ለእኛ ለልጆች በወንበሩ ክንዶች ላይ ጣውላ ያጋድሙልን ነበር። መብራት ሲጠፋ የእጅ ቶንዶስ ያነሳሉ። ቶንዶሱ አንዳንዴ ፀጉር ይነጫል፤ "አይ!" ካልን "ጨርሻለሁ" ይላሉ። አልጨረሱም። ከዚህ የበለጠ ብዙ ሲናገሩ አላስታውስም።

የምታወራው ባለቤታቸው እትዬ ሮማን ነበረች። ልጅ አልነበራቸውም። እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ከትምህርት ቤት በኋላ የምውለው እነሱ ቤት ነበር። እሳቸውን እርስዎ፣ እሷን ግን አንቺ ነበር የምላት፤ ያስለመደችኝ ራሷ ናት። አይዞሽንም ወደዚያ ቤት ያመጣቻት እሷ ናት። ሴት ቡችላ ስለሆነች አንድ ሰው ወንዝ ዳር ጥሏት፣ ዝናብ አጥቧት ስትንቀጠቀጥ አግኝታ በነጠላዋ አቅፋ ይዛት መጣች። መንገዱን በሙሉ "አይዞሽ፣ አይዞሽ" ስትላት ስለነበር ስሟ በዚያው ቀረ። ቀይ፣ አንድ ጆሮዋ የታጠፈ፣ እግረ ረጅም ውሻ ሆነች። ጋሽ ደምሴ ይጠሏት ነበር ማለት አይደለም። አያዩዋትም ነበር።

ስምንት ዓመቴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ እትዬ ሮማንን ምግብ አስጠላት። ጾሙ ነው ተባለ። ከዚያ ማስመለስ ጀመረች። "ጨጓራዬ ነው፤ ሲፈታ ይሻለኛል" አለች፤ ጋሽ ደምሴም አመኗት። ጾሙ ሳይፈታ ሆስፒታል ገባች፤ ሐኪሞቹ ጉበቷ ነው፣ ዘግይታችኋል አሉ። ጳጉሜን አላየችም።

ቀብር አልወሰዱኝም። ከአጥራችን ሥር ሆኜ ድንኳኑን አየው ነበር። ሴቶቹ ደረት ሲመቱ ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው መሬት መሬት ያያሉ፤ አንዲት ጠብታ እንባ ያየባቸው የለም። "ልቡ ድንጋይ ነው" አለች አንዷ ለቀስተኛ። እናቴ "ተይ እባክሽ፣ ደንግጦ ነው" አለቻት። በዚያው ሰሞን አይዞሽን ፈልገው የመጡ ወንድ ውሾች በሩን ከበው ይሻሙ ነበር፤ የእድር ሰዎች በድንጋይ ያባርሯቸዋል፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ነገሬ ያለው ሰው አልነበረም።

ጋሽ ደምሴ ሱቃቸውን ሲከፍቱ ጢማቸው አድጎ ነበር። የራሳቸው ጢም ደረታቸው ሊደርስ የሰው ጢም ይላጫሉ። መኝታ ቤቱን ቆለፉት። ደንበኞች ተራ የሚጠብቁበት አግዳሚ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ማደር ጀመሩ። እኔ እንደ ድሮዬ ከትምህርት ቤት መጥቼ እቀመጣለሁ። ስለ እሷ አይነግሩኝም፤ አልጠይቃቸውም።

መስቀል ሰሞን አንድ ቀን አይዞሽ ቁርሷን ሳትነካ ቀረች። ቀጥላ በሩ ላይ ቢጫ ነገር አስመለሰች። ጋሽ ደምሴ አንድ ሰውዬ ወንበር ላይ አስቀምጠው ግማሽ ራሱን ጨርሰው ነበር። ያስመለሰችውን አዩ፤ ቶንዶሱን አስቀመጡ።

"ዮናስ፣ ገመድ አምጣ።"

"ኧረ ጋሽ ደምሴ! እኔስ?" አለ ሰውዬው ነጭ ጨርቁን እንደለበሰ።

መገናኛ አካባቢ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ እየተጣደፍን ሄድን፤ እሳቸው ከፊት፣ እኔና አይዞሽ ከኋላ እየሮጥን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ውሻዋን ጠረጴዛ ላይ አስወጥታ "ምግብ ካቆመች ስንት ቀኗ ነው?" አለች።

"ዛሬ ነው።"

"ዛሬ? በጣም ቶሎ ነው ያመጧት እኮ፣ ጋሼ።"

"ቶሎ ነው የሚመጣው" አሉ።

ሐኪሟ ሆዷን በሁለት እጇ ቀስ እያለች ዳበሰች፤ ጡቶቿን አየች፤ ቀላ ብለው አበጥ አበጥ ማለት ጀምረው ነበር። "አልታመመችም። አርግዛለች። በመጀመሪያው ወር አንዳንዶቹን እንዲህ ያደርጋቸዋል፤ ያልፍላታል።"

ጋሽ ደምሴ ፊታቸው አልተለወጠም። "እርግጠኛ ነሽ? ሌላ ነገር አይደለም?"

"እርግጠኛ ነኝ።"

"እንደገና እይልኝ።"

እንደገና አየችላቸው። ደስ ያላቸው አይመስልም፤ ያዘኑም አይመስልም። ስንመለስ ሰውዬው ግማሽ ራሱን ይዞ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ካቆሙበት ቀጠሉለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ በዛባቸው። በመጀመሪያ ተሳሳቱ። ውሻዋ ለልጆቿም መብላት አለባት ብለው ጉበትና ወተት በየቀኑ አቀረቡላት። ሆዷ ተበላሽቶ ሱቁን አቆሸሸችው፤ እንደገና ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሟ ተቆጣች። "ገና ነው፣ ጋሼ! ሆዷ ውስጥ ያሉት አሁን የጣት ጫፍ አያክሉም። የለመደችውን ያህል ይስጧት። ከወር በላይ ሲሆናት ነው ቀስ እያሉ የሚጨምሩላት፤ እሱም በአንዴ አይደለም። ልጆቹ ሆዷን ስለሚገፉት ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። መድኃኒት የሚባል ነገር፣ የትል እንኳ ቢሆን፣ እኔን ሳይጠይቁ እንዳይሰጧት።"

ያለችውን አደረጉ። ጥቅምት ሲገባ ሆዷ ግራና ቀኝ ወጣ፤ መራመዷ ከበደ። በአጥሩ እንዳትሾልክ ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፈኑት። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ በዝግታ ያንሸራሽሯታል፤ ሰፈሩም ይስቃል። "ደምሴ ውሻ ያስታምማል" ይላሉ። ከልኳንዳ የለመኑትን ሥጋ ያለ ጨውና በርበሬ ይቀቅላሉ፤ እስኪበርድ አጠገቡ ቆመው ይጠብቃሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እጄን ይዘው ጎኗ ላይ አሳረፉት። ከቆዳዋ ሥር አንድ ነገር ዞር አለ። አየኋቸው። እሳቸው የሚያዩት ግድግዳውን ነበር።

የመውለጃ ቦታ አዘጋጁላት። ሐኪሟ ጸጥ ያለ፣ ደረቅ፣ ነፋስ የማይመታው ይሁን ስላለች የሱቁ ጥግ ላይ ሰፊ የጣውላ ሳጥን አስቀምጠው የታጠበ ጆንያና አሮጌ ብርድ ልብስ አነጠፉበት። ቀድማ እንድትለምደው በየቀኑ ያስገቧታል፤ በየቀኑ ትወጣለች።

አንድ እሑድ ጠዋት ከእናቴ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የጋሽ ደምሴ በር ገርበብ ብሏል። ገባሁ። አይዞሽ ምግቧን ትታ፣ እያለከለከች፣ የመኝታ ቤቱን በር በእግሯ ትቧጭራለች። ጡቶቿ ወተት ሞልቷቸዋል። ጋሽ ደምሴ ወደ ሳጥኑ ይመልሷታል፤ ትመለሳለች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ተመላለሱ። በመጨረሻ ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ።

ክፍሉ ታፍኖ ከርሟል። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ የእትዬ ሮማን ሹራብ ራስጌው ላይ ተንጠልጥሏል። አይዞሽ በቀጥታ አልጋው ሥር ገባች። ጋሽ ደምሴ መግቢያው ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከሳጥኑ አምጥተው በደረታቸው ተኝተው አነጠፉላት። ውኃ በሣህን አስጠጉላትና ራቅ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። "ሰው ሲበዛባት ትጨነቃለች" ብለው እኔንም አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ምጡ ረጅም ነበር። "አይዞሽ" ይላሉ በየመሀሉ፤ ስሟን ይጥሩ ያጽናኗት አይታወቅም። ቡችሎቹ እየተራራቁ መጡ። እናትየዋ እየላሰች ከሽፋናቸው ታወጣቸዋለች፤ እትብታቸውን ራሷ ትቆርጣለች፤ እኛ አልነካናቸውም። የመጨረሻውን ግን ሳትነካው ተኛች፤ ደክሟታል። ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ሰድደው ሳቡት፤ ሐኪሟ እንዳሳየቻቸው ሽፋኑን ቀደዱ፣ አፉን ጠረጉ፣ በንጹሕ የሱቅ ፎጣ ጀርባውን ማሸት ጀመሩ። ቡችላው አይንቀሳቀስም። ማሸታቸውን አላቆሙም። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆነ፤ እኔ እንኳ ገባኝ፤ እሳቸው ያሻሉ። ላብ ከግንባራቸው ጢማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

"ጋሼ፣ ሞቷል እኮ" አልኩ።

"አውቃለሁ" አሉ። ትንሽ ደግሞ አሹት። ከዚያ በፎጣው ጠቅልለው ጓሮ ወስደው ቀበሩት።

አራት ተረፉ፤ ሦስት ወንድ፣ አንዲት ሴት። አይዞሽ እያጠባች አጥንቷ ስለወጣ ምግቧን ከእርግዝናው ጊዜ አብልጠው ይሰጧት ነበር። ወንዶቹን ሰው ገና ዓይናቸው ሳይገለጥ "ለእኔ" ብሎ ያዛቸው። ሴቷን የሚፈልግ ጠፋ። "በየዓመቱ እየወለደች ልታስቸግረን?" አለች እናቴም። ጡት ከተወች በኋላ፣ ከገና በፊት፣ ጋሽ ደምሴ ዘንቢል ውስጥ ከተቷትና "እንጦጦ እንውጣ" አሉኝ።

ታክሲ ውስጥ ወያላው ዘንቢሉን አይቶ "አባት፣ ውሻ አይሳፈርም" አለ። "ውሻ አይደለችም፤ ቡችላ ናት" አሉ። ሰው ሳቀ፤ እሳቸው ግን ለምን እንደሳቅን የገባቸው አይመስለኝም። ከሽሮ ሜዳ በእግራችን ወጣን። ባሕር ዛፉ ይነፍሳል፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ወደ ታች ይወርዳሉ። ከእንጦጦ ራጉኤል ወዲህ፣ ከመንገዱ ገባ ብሎ፣ የአዴ ሎሚ ቤት ነበር። አዴ ሎሚ በግና ድንች ያላት፣ አማርኛን በኦሮምኛ ዜማ የምትናገር ሴት ናት። እትዬ ሮማን በየዓመቱ መስከረም አንድ ራጉኤልን ስትሳለም እሷ ቤት ነበር የምታርፈው፤ አንድ ጊዜ እኔንም ወስዳኛለች። ጅብ በጎቿን ስለሚያስቸግራት ውሻ እንደምትፈልግ ጋሽ ደምሴ ያውቃሉ።

ገና በሩቁ አይታን ሣቀች። "ደምሴ! ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች? ሮማንስ? ለራጉኤል ስጠብቃት ቀረች። የባቄላ እሸት አስቀምጬላት፣ ደረቀ። ተቀይማኛለች?"

ጋሽ ደምሴ ዘንቢሉን እንደያዙ ቆሙ።

"አልተቀየመችም" አሉ።

"ታዲያ ምን ሆና ነው?"

ነፋሱ ጋቢያቸውን ያርገበግበዋል። እስከዚያ ቀን ድረስ ያን ነገር ለማንም መናገር እንዳላስፈለጋቸው የገባኝ አሁን በጎልማሳነቴ ነው። ሰፈሩ ሁሉ አብሮ የቀበረ ስለሆነ የሚነገረው ሰው አልነበረም።

"ሞታለች" አሉ።

አዴ ሎሚ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ዋዮ! ዋዮ ሮማን!" ብላ ግቢዋ መሀል ተንበረከከች፤ ልጆቿ ከቤት ሮጠው ወጡ። እኔም አለቀስኩ፤ እትዬ ሮማን ከሞተች ለመጀመሪያ ጊዜ። ጋሽ ደምሴ ግንድ ላይ ቁጭ አሉ። ቡችላዋን አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና በዚያው በማይለወጥ ድምፃቸው መናገር ጀመሩ።

"ሴት ናት፤ ጎበዝ ናት። አንድ ቀን ታረግዛለች። ምግብ ሲያስጠላት እንዳትደነግጪ፤ ያልፍላታል። መጀመሪያ ላይ አታብዢባት። ሲከብዳት ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ስጫት። ጨርቅ ስትቦጫጭቅ፣ ጉድጓድ ስትምስ ቀኗ ደርሷል ማለት ነው። ቦታ አዘጋጅተሽ እምቢ ካለች፣ የመረጠችው ቦታ ይሁንላት። በሩን ክፈቺላት። ሎሚ፣ ትሰሚኛለሽ? በሩን ክፈቺላት።"

"እሰማሃለሁ" አለች አዴ ሎሚ እያለቀሰች። ቡችላዋን ተቀበለቻቸው፤ ሌላ እጇን ትከሻቸው ላይ አሳረፈች። እስክንነሳ ድረስ አላነሳችውም።

ጋሽ ደምሴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። አይዞሽ እሳቸው እግር ሥር አርጅታ ሞተች። ፀጉር ቤቱ መንገድ ሲሰፋ ፈረሰ፤ እሳቸው ወደ ሩቅ ኮንዶሚኒየም ተዛውረው እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አረፉ። መርዶውን በስልክ ሰማሁና ክፍል ገባሁ።

ጢሜን በተላጨሁ በሳምንቱ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ እንጦጦ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ መኪና ተደርድሯል፤ ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ። የአዴ ሎሚን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። እሷ የለችም፤ የወረሰችው ልጇ ጫልቱ ናት። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እናቷ ስለ እትዬ ሮማን ታወራ እንደነበር ታስታውሳለች፤ ስለ ጋሽ ደምሴ ግን ምንም አታውቅም። በጎተራው ሥር አንዲት ቀይ ውሻ ሆዷ መሬት ሊነካ ተኝታ ነበር። ልጠጋት ስል ጫልቱ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተው፣ ቀኗ ደርሷል፤ ሰው ሲበዛባት ትጨነቃለች። ቤት ውስጥ ቦታ አዘጋጅተንላት እምቢ አለች። የመረጠችው ቦታ ይሁንላት ብለን ተውናት።"

"ማን አስተማረሽ?"

"እናቴ ናታ።"

"እሷንስ ማን አስተማራት?"

"እንጃ" አለች ጫልቱ። "እኛ ቤት ድሮም እንዲህ ነው የሚደረገው።"

በርጩማ አወጣችልኝ። ከውሻዋ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።