ቢጫው ባልዲ

በዶርማችን ኮሪደር፣ በአምፖሉ የፕላስቲክ ሽፋን ውስጥ የእሳት እራት ገብታ ስትንደፋደፍ በሰማሁ ቁጥር፣ ሐረር አጠገብ ባለችው ሰፈራችን በድሬ ጠያራ፣ በበቆሎ ማሳችን መሃል የተሰቀለው ቢጫ ባልዲ ትዝ ይለኛል፤ ንዴቱም አብሮ ይመጣል።

ተምች ወደ ሰፈራችን በገባበት ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ እናቴና እኔ በየጠዋቱ ጤዛው ሳይረግፍ ማሳ ገብተን፣ ቅጠሉን እየገለበጥን፣ ጥጥ የለበሰ የሚመስለውን እንቁላል በጣታችን እንጨፈልቅ ነበር። አንድ ቀን ከሐረር በሞተር የመጣ የግብርና ባለሙያ ባልዲውን ሰቀለና ከክዳኑ ሥር ትንሽ ላስቲክ አንጠልጥሎ፣ «እናንተ አታሸቱትም እንጂ ተምቹን የሚፈለፍለው የእሳት እራት በዚህ ሽታ ከሩቅ ይመጣል» ብሎን ሄደ። ሌላ ምንም አላለም።

በሳምንቱ የባልዲው ታች በሞቱ የእሳት እራቶች ተሸፈነ።

«የፈቲያ እናት፣ ማሻአላህ፣ ከእንግዲህ ወገብሽን አሳርፊ፤ ባልዲው ይለቅምልሻል» አላት አባቴ።

«እንቁላሉ እኮ አልቀነሰም። ዛሬም አይቻለሁ።»

«ከተማረው ሰው አንቺ ታውቂያለሽ?»

ጎረቤታችን ኢብሮም፣ «ሴትዮዋ በባልዲ ቀናች» እያለ በመንገድ ያስቅባት ጀመር። በመጨረሻ መልቀሙን ተወችው።

ሐምሌ ላይ ተምቹ የበቆሎው እምብርት ውስጥ ገባ። ባለሙያው እየመጣ በባልዲው ውስጥ የሞቱትን ይቆጥርና ደብተሩ ላይ ጽፎ ይመለስ ነበር። መስከረም ሲጠባ ቅጠሉ ወንፊት ሆኖ፣ አገዳው ያለ ፍሬ ቆሞ ቀረ።

«እንዴ፣ እንቁላሉን አትለቅሙም ነበር?» አለ ባለሙያው።

አባቴ እናቴን እያየ፣ «የሷ ሥራ ነበር» አለ። እሷ ሻሿን አጥብቃ አሰረችና ወደ ቤት ገባች። በዚያ በጋ አያቴ በላከችልን ማሽላ ኖርን።

ዘንድሮ፣ በመጀመሪያ ዓመት የባዮሎጂ ትምህርት፣ ላስቲኩ የሴቷን ጠረን አስመስሎ የተሠራ መሆኑን ተማርኩ። ወደ ባልዲው የሚገባው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቶቹ፣ ካመለጡት ወንዶች ጋር ተገናኝተው፣ እንቁላላቸውን ቅጠላችን ላይ ይጥሉ ነበር። ባልዲው የተሰቀለው የእሳት እራቱን መምጣት ለማወቅ እንጂ ማሳውን ለመጠበቅ አልነበረም። መምህራችን የየዝርያው ሴት በረጅም ዘመን የዳበረ፣ ለብቻዋ የተለየ የጠረን ቅመማ እንዳላትና መጠኑ በትንሹ ቢዛባ የራሷ ወንድ እንኳ ላይመጣ እንደሚችል ሲያስረዱ፣ እኔ እስክሪብቶዬን ጨብጬ ተናድጄ ነበር። የእሳት እራትን ጥሪ ይህን ያህል ተጠንቅቀው የቀመሩ ሰዎች ለእናቴ «መልቀሙን አትተዪ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነፈጓት።

ለእረፍት ስሄድ ሁሉንም ለአባቴ ነገርኩት። «ታዲያ ያኔ ማን አወቀ?» አለኝ።

«እኔ» አለች እናቴ፣ አጠገባችን እህል እየለቀመች፣ ቀና ሳትል።

ባልዲው ዛሬም በማሳው መሃል ተሰቅሏል። ያኔ እናቴና እኔ ብቻ እንለቅም ነበር፤ አሁን አባቴም ከጎኗ ጎንበስ ብሎ ይለቅማል። «አጥፍቻለሁ» ግን እስካሁን አላላትም።