ላስቲኩ ያልወጣለት ቀበቶ

ከጋፋት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት

የአባቴን ፒክአፕ ይዘን ወደ አንበሳሜ የወጣነው አንድ ነገር ለማጣራት ነው፤ መኪናዋ ከፋብሪካ የወጣችው መቼ ነው? ጣጣውን ያመጣሁት እኔው ነኝ። አባባ «በ1978 ዓ.ም. አዲስ፣ ከነላስቲኳ ገዛኋት» ሲሉ ኖረዋል። ባለፈው ወር ማኅበር ላይ ግን እኔ መምህሩ ልጃቸው ሊብሬዋን ተቀበልኩና «የተሠራችበት ዘመን 1978» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። «የመኪና ዘመን የሚጻፈው በፈረንጅ ነው፤ አባባ ሲገዟት ስምንት ዓመት ሠርታለች» አልኩ። ማኅበርተኛው በሳቅ ፈነዳ። «አሮጊት ቀለም ቀብተው ሸጡልህ!» አሏቸው። አባባ አንገታቸውን ደፉ፤ ከዚያ ወዲህ ከማኅበርተኛው ጋር አይነጋገሩም።

ደብረ ታቦርን ስናልፍ ጉና ጉም ለብሷል፣ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ኮረኮንቹ ያንገጫግጨናል።

«አባባ፣ ተቀይመውኛል?»

«ዝም በል፣ መንገዱን ልይበት» አሉ መሪውን ጨብጠው።

አንበሳሜ፣ አራት ሰዓት

ገበያ ነው፤ እህል የጫኑ አህዮች መንገዱን ዘግተውታል። አንድ ሳህን ፍርፍር ተካፍለን በላንና ሰው የጠቆመን መካኒክ ጋ ሄድን። ጎልማሳ ነው፣ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ። ኮፈኑን ከፍቶ ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥር በብሩሽ ፈገፈገ።

«ዝገት በልቶታል፣ አይነበብም» አለ። የአባባ ፊት ጠቆረ። መካኒኩ ግን ጥቂት አሰበና «አባቴ፣ የወንበሩ ቀበቶ የድሮው ነው?» አላቸው።

«እንዴታ! እንዳይቆሽሽ ብዬ ከላስቲኩ እንኳ አላወጣሁት!»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ላስቲክ ስንት ዘመን አፍሬያለሁ! መካኒኩ ቀበቶውን ከላስቲኩ አውጥቶ እስከ ሥሩ ሳበው። ታች ላይ ነጭ ጨርቅ ተሰፍቷል፤ ጽሑፉ ትናንት የታተመ ይመስላል፦ 11/1985።

«ይሄ ፋብሪካው የሰፋው ነው፤ በፈረንጅ አሥራ አንደኛው ወር።»

በጣቴ ቆጠርኩ። በእኛ ጥቅምት ወይ ኅዳር 1978! ሊብሬውን የጻፈው ሰው ዘመኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መልሶት ኖሯል። መኪናዋ ተሠርታ ዓመት ሳይሞላት ነው አባባ እጅ የገባችው። እጃቸውን ይዤ ሳምኩ። መካኒኩ ገንዘብ ስንሰጠው «ምን ሠራሁና!» ብሎ መለሰልን።

ስንመለስ አባባ መንገዱን ሙሉ አንጎራጎሩ። «አሁንስ ቀበቶውን አይታጠቁትም?» አልኳቸው።

«ምስክሬን ላቆሽሸው?»

ጋፋት፣ አሥር ሰዓት

የማኅበሩ ቀን ነበርና አባባን ለምኜ በቀጥታ ወደዚያው ሄድን። ሁሉም በተቀመጠበት ቆሜ «ጥፋቱ የእኔ ነው። አባቴ አልተታለሉም፣ አልዋሹም» አልኩ። ማኅበርተኛው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ጨርቁን እየተፈራረቀ አየ። አብልጠው የሳቁት ሽማግሌ «ይቅር በለኝ ወንድሜ» ብለው አባባን አቀፏቸው።

እኔ ከጉዞው የተማርኩት ቀላል ነው፤ ከወረቀቱ በፊት አባቴን መጠየቅ ነበረብኝ። አባባ ቀና ብለው ማኅበርተኛውን አዩና «መድፍ የተሠራበት የጋፋት ሰው ብረት ያውቃል፤ ይሄ ልጄ ወረቀት ብቻ ነው የሚያውቀው!» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዛሬ የተሳቀው በእኔ ነው፣ ደስም አለኝ። እሳቸው ቀበቶውን ጠቅልለው ወደ ላስቲኩ መለሱት።