እንግዳ ሲመጣ የምንደበቅ ልጆች

በአባቴ ቤት እንግዳ ሲመጣ ልጅ ይሰወራል። በከተማችን በሾኔ የሌላው ሰው ልጅ ማስታጠቢያ ይዞ ይወጣል፣ ጎንበስ ብሎ ለእንግዳው ውሃ ያፈሳል፣ «እደግ» ተብሎ ይመረቃል። እኛ ግን አጥር ላይ የሰው ድምፅ ስንሰማ ጓዳ ገብተን ከጆንያ ጀርባ እንኮራመታለን። ያሳለ ወይም የሳቀ፣ እንግዳው ከሄደ በኋላ ቀበቶ ይቀምሳል። ቀበቶው አባቴ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነቱ የሚታጠቀው ነበር። ጎረቤቶቻችን ባለጌ ልጆች ይሉናል።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ ስንገረፍ በየመሃሉ ይነገረን ነበር። ወጣት ለውትድርና በሚታፈስበት ዘመን የአባቴ ታላቅ ወንድም ጓሮ እንሰት ውስጥ ተደብቆ ይውል ነበር። አንድ ቀን ታጣቂዎች መጡ። አያቴ ቤት የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድም ብላ አስገባቻቸው፤ ቆጮ በጎመን አቀረበች። እንግዳ ደግሞ ሳይታጠብ አይበላም። ከልማዷ የተነሳ ሳታስበው ታላቅ ልጇን ጠርታ ውሃ አምጣ አለችው። እሱም እናቱ ስትጠራው አደጋው ያለፈ መስሎት ወጣ። አስታጠባቸው። በልተው ሲጨርሱ ይዘውት ሄዱ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲያ አያቴ የቀሩትን ልጆቿን እንግዳ ፊት ባየቻቸው ቁጥር በእንጨት መደብደብ ጀመረች። አባቴ ከእሷ ተማረ።

ይህን የሰማ ሁሉ ያሳዝናል ይለኛል። እኔን አያሳዝነኝም። አጎቴን የወሰዱት ታጣቂዎች ናቸው፤ የተገረፍኩት ግን እኔ ነኝ።

ሆሳዕና ሥራ ይዤ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ሴት ልጄን ብቻዬን ሳሳድግ ይህ ነገር እኔ ላይ ያበቃል እል ነበር። ቤቴ ውስጥ ቀበቶ የለም። ባለፈው ክረምት ግን የስምንት ዓመት ልጄን የምትጠብቅልኝ ሠራተኛ ጠፋችና እያረርኩ አባቴ ጋ ላክኋት። መስከረም ላይ የጸሎት ቡድናችን እህቶች ቤቴ ሲመጡ ልጄ ጠፋች። ስንፈልጋት ቆይተን ቁም ሳጥን ውስጥ አገኘኋት፤ አፏን በእጇ አፍና፣ ልብሱ ላይ ሸንታ።

ደሜ ፈላ። በማግስቱ ልጄን ይዤ መናኸሪያ ወረድኩ፤ የሾኔን ሚኒባስ ያዝን። መንገዱን ሙሉ አባቴን የምሰድብበትን ቃል ስደረድር ሄድኩ። ከዛሬ ጀምሮ ይህችን ልጅ አታያትም ልለው ነበር።

አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። አርጅቷል፤ ማርጀቱም ጭምር አናደደኝ። ሰላም ሳልለው ጀመርኩ። ልጄን ምን እንዳደረጋት፣ በምን እንደገረፋት ጠየቅሁት። ጎረቤት አጥሩ ላይ እስኪሰበሰብ ድረስ ጮህኩ። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«አልነካኋትም» አለ። ክረምቱን ሙሉ እንግዶቹን የምታስታጥበው እሷ እንደነበረች ነገረኝ። በመጀመሪያው ቀን ማስታጠቢያውን ስታነሳ ሊከለክላት ብድግ ብሎ መልሶ እንደተቀመጠ ነገረኝ።

ውሸታም አልኩት። ወደ ልጄ ዞሬም አትፍሪ፣ እንግዳ ሲመጣ ተደበቂ ያለሽ ማን ነው አልኳት።

«አንቺ ነሻ» አለች። «ሰው ሲመጣ ታፈጥጪብኛለሽ። ከሄዱ በኋላ ትቆነጥጪኛለሽ። አባባ ግን አይቆጣም።»

ልክድ አፌን ከፈትኩ። ጭኗ ላይ የሚበልዘውን ቦታ ግን እኔም አውቀዋለሁ፤ ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ። ቁንጥጫ ግርፋት አይደለም እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ። ይህ ሲገባኝ መብረድ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ባሰብኝ። በሰው ፊት፣ ያውም በእሱ ፊት አዋረደችኝ ብዬ ነደድኩና እጄን ሰነዘርኩ። ልይዛት ይሁን ልመታት ዛሬም አላውቅም።

ልጄ እስክወስን አልጠበቀችም። ሮጣ አባቴ ጀርባ ገባችና ኮቱን ጨምድዳ ያዘች። አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። እኔን በገረፈበት እጁ ልጄን ከእኔ ከለላት።