ባለቤት የለውም

እስቲ ይህን ከረጢት እዩት። ከጥግ በትንንሹ የተጻፈችውን አንብቡ፤ «ያለ ባለመብቱ ፈቃድ አባዝቶ ማሰራጨት ክልክል ነው።» ውስጡ ያለው ገብስ ነው። ገብሱ የማን እንደሆነ ደግሞ ልንገራችሁ።

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ዘይነባ የምትባል ሴት አለች። አንድ ዓመት ውርጭ ማሳዋን ጨረሰው፤ ሰባት ዛላ ብቻ ቆሞ ተገኘ። ለቅማ በቅል አኖረችው። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ ማጭድ ሳይገባ ቀድማ እየገባች ብርቱ ብርቱውን ትለቅም ጀመር። ባሏ ሙሐመድአሚን አጫጆቹን ይዞ ቆሞ፣ ምነው እኔንም ስታገቢ እንዲህ በመረጥሽ እያለ ይቀልድባታል። በአሥራ አንድ ዓመት ውርጭ የማይበግረው ገብስ ወጣ። አገሩ «የዘይነባ ገብስ» አለው። ለጠየቀ ሁሉ እፍኝ ዘግና «በረካ ይሁንላችሁ» ትላለች፤ አንድም ሰው ባዶ እጁን መልሳ አታውቅም።

በሰማንያ ዘጠኝ አንድ ተመራማሪ ቅጽ ይዞ መጣ። ዘሩን ሰጠችው፣ ዱዓም አደረገችለት። የዘሩ ባለቤት ማን ይባል ብሎ ጠየቃት። የሚበቅልን እህል የኔ ነው ብሎ ማን አፉን ይከፍታል?

«የአላህ ነው እንጂ የማን ይሆናል» አለችው። ሰውየው ፈገግ ብሎ ጻፈ።

በሁለት ሺህ አንድ በረዶ ማሳውን ሁሉ ደበደበው። ለዘር ያኖሩትንም ሰዉ በላው። ዘይነባ ዘር ፍለጋ በእግሯ ወረዳ ወረደች። የግብርና ባለሙያው ፈንታው ከረጢት ፈታላት። አንዷን ፍሬ ነከስ አድርጋ አወቀችው።

«ይሄማ የኔ ነው።» በዕድሜዋ እንዲህ ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

ፈንታው ደግ ልጅ ነው። የድሮውን ቅጽ ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ፈልጎ አነበበላት፤ «ባለቤት፦ የለውም።»

«የአላህ ነው ነበር ያልኩት።»

«እማማ፣ እሱ የሚጻፍበት ቦታ ቅጹ ላይ የለም። አሁን ባለመብት ተመዝግቦበታል። ለሰው እንዳይሰጡ ብቻ፤ ጣጣው በኔም በእርስዎም ይመጣል።»

ለሰው ላትሰጥ ወረቀት ላይ አሻራዋን አድርጋ ከረጢቱን ተሸክማ ገባች። በማግስቱ ጎረቤቷ አልታዬ እንደ ልማዷ ነጠላዋን ዘርግታ ከደጅ ቆመች። ዘይነባ ከረጢቱን አየች፣ ጣቷን አየች፤ ቀለሙ አልለቀቀም። አልታዬ ነጠላዋን አጥፋ ሄደች።

እናንተ ቅጽ የምትሞሉ ሰዎች፣ ገበሬ «የአላህ ነው» ሲላችሁ ቶሎ አትጻፉ። ማን እንደለቀመው ጠይቁ፤ ስሟንም ጻፉ።