የአካባቢው ሰዎች እንደሚሉት

ኤሲናም በጋና ዋና ከተማ በአክራ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ የተማሪ ጥናት ስትተይብ ሃያ ዓመት ሆናት። ራሷ ዩኒቨርሲቲ አልገባችም፤ የምንጭ አጠቃቀስ ስህተት ግን ከዓይኗ አያመልጥም። ሴሎርም የተባለ ተማሪ የኬታ ሐይቅ ዓሣዎችን ያጠናበትን ጽሑፍ ሲያመጣላት አንዱ መስመር ላይ ቆመች።

«ፈረንጁን ተመራማሪ ከነዓመቱ ከነገጹ ጠቅሰኸዋል። እነዚህ ‹የአካባቢው ሰዎች› ያልካቸው እነማን ናቸው?»

«አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፣ እትዬ።»

«እናታቸው ስም አላወጡላቸውም?»

ሴሎርም ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓሣቸውን ሲበላ ስማቸውን አልጠየቀም።

«ሂድና ጠይቅ። እስከዚያ አልተይብልህም።»

በአራተኛው ቀን ከኬታ ሲመለስ የያዘው ሁለት ስም ነበር።

«አግቤኮ ይባላሉ» አላት። «‹እኔም የሰማሁት ከአክስቴ ከጃቱግቢ ነው፤ የእሷን ሳትጽፍ የእኔን እንዳትጽፍ› አሉኝ።»