በጭድ የቆመው ጥጃ

በ1977 ዓ.ም. በልግ፣ በዐቢይ ጾም ነው። ዝናቡ ዘግይቶ ጂንካ ዙሪያ ያለው ሣር ደርቆ ነበር።

አንዲት ላም ነበረችኝ። ልጄን በወለድሁ በሁለተኛው ወር ታምሜ ጡቴ ሲደርቅ፣ እግዚአብሔር ልጄን ያቆየልኝ በዚያች ላም ወተት ነው። ተመስገን። ግጦሽ ሲጠፋ፣ ያን ጊዜ እርጉዝ ነበረች፣ ከከተማው ዳር ወንዝ አጠገብ መስክ ላለው ሰው ለርቢ ሰጠኋት። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ወተቱ የአርቢው፣ የሚወለደው የጋራ። ከብት ከሞተ አርቢው ቆዳውን ለባለቤቱ ያመጣል። ካላመጣ አርዶ በልቶታል ይባላል።

ከወለደች በኋላ ላያት ሄድሁ። ሰውዬው እያለባት ነበር። ላሟ ከፊቷ የቆመውን ጥጃ ትልሳለች፤ ጥጃው ግን አይንቀሳቀስም። ቀረብ ብዬ ሳይ በጭድ የተሞላ ቆዳ ነው። ጨው ተቀብቶ በአራት እንጨት ቆሟል።

"ምን ሆኖ ሞተ?" አልሁት።

"እንጃ እትዬ። ከሳ፣ ከሳና ሞተ።"

"ሳታልብ ስንት ጡት ተውህለት?"

ሳቀ። "ሻይ ቤቱ ለማይጾሙት ወተት ይጠብቀኛል እኮ! እሷ እንደሆነ ምን ቸገራት? እየላሰች ትታለባለች። ከብት ምን ያውቃል?"

የላም ወተት መውሰድ ኃጢአት ነው አልልም፤ ልጄን አሳድጌበታለሁ። እኛ ቤት ግን መጀመሪያ ጥጃው ይጠባል፣ የሰው የሚሆነው የተረፈው ነው።

ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። አውቃለሁ። ያን ሳምንት ስሰግድ የማስበው ግን እሱን ነበር።

ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ ተመለስሁ። ሰዓቱን መርጫለሁ፤ የሻይ ቤቷ ባለቤት ወተት ልትወስድ የምትመጣበት ነው። እሷም ጣሳዋን ይዛ ቆማለች።

"ጥጃዬ ሞቷል፤ ቆዳዬን ስጠኝ" አልሁት።

አንደኛው ሽማግሌ የጭዱን ሆድ ዳበሱት። "ይሄማ ጠግቦ ነው የሞተው! ሆዱ ተወጥሮ የለም እንዴ?"

የሻይ ቤቷ ሴት ሳቀች።

"አባባ፣ ይህን ከወሰደችው ላሟ ወተት አትለቅም!" አለ ሰውዬው።

"ደንቡን ታውቀዋለህ" አሉት። "ጥጃ በረሃብ የገደለ ላም አይዝም። ላሟንም ትውሰድ።"

ሴትየዋ ባዶ ጣሳዋን ይዛ ዞረች። "በል፣ ከነገ ጀምሮ ከሌላ ሰው እገዛለሁ" አለችው። ፊቱ ሲጠቁር አየሁ። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም።

ቆዳውን እንደ ልጅ ታቀፍሁት። ላሟን መጎተት አላስፈለገኝም፤ ቆዳውን እያሸተተች እስከ ቤቴ ተከተለችኝ። ይህ ነገር ዳግመኛ ፊቷ አይቆምም ብዬ በመንገዱ ላይ ማልሁ።

በማግስቱ ጠዋት ግቷ ተወጥሮ እንደ ድንጋይ ሆኗል። ስነካት ትራገጣለች፣ ወተቷንም ያዘች። ብተዋት ጡቷ ይታመማል። ለሰውዬው ይቅርታ አላደረግሁም። ቆዳውን አወጣሁ፤ በመንገድ የረገፈውን ጭድ በአዲስ ተካሁና ፊቷ አቆምሁት። መላስ ጀመረች። ግንባሬን ጎኗ ላይ አስደግፌ፣ "ይቅር በይኝ" እያልሁ አለብኋት።